ጫጩቶቻችሁን ማን አቅፏቸዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾም ሲገባ በየማጀቱ የሚተርፍ አንድ ነገር አለ፤ እንቁላል። ለ55 ቀን ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ ሁሉ ይቀራል። ዶሮ ግን ጾም ገባ ብላ እንቁላል መጣሏን አታቆምም። ታዲያ የገጠሯ እናታችን ይህን እንቁላል ምን ታደርገዋለች? ገበያው ቀዝቅዟልና በርካሽ ከምትሸጠው፣ ደህና ደህናውን መርጣ ዶሮዋን ታስታቅፋታለች። ሰው ሲጾም ዶሮዋ ትታቀፋለች።

እስኪ አብረን እንቁጠር። ዶሮዋ የዘወረደ እሑድ ማታ ብትታቀፍ፣ ቅድስት ላይ 7 ቀን፣ ምኩራብ ላይ 14 ቀን፣ መጻጉዕ ላይ 21 ቀን ይሆናታል። የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈለው በ21ኛው ቀን ገደማ ነውና በመጻጉዕ እሑድ ከእቅፏ የጫጩት ድምፅ ይሰማል። ከዚያስ? ከመጻጉዕ እስከ ትንሣኤ ገና 5 ሳምንት፣ ማለትም 35 ቀን ይቀራል። ልብ በሉ፤ ለማስፈልፈል 21 ቀን፣ ለመጠበቅ ግን 35 ቀን! እርሱም ቢሆን ጫጩቱ ላባ እስኪያወጣ ድረስ ነው እንጂ ራሱን ችሎ እስኪወጣ አይደለም። መጠበቁ ከማስፈልፈሉ ይረዝማል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ብዙዎቻችን መጀመር እናውቃለን። ጾም እንጀምራለን፣ ንስሓ እንጀምራለን፣ ልጅ እንወልዳለን። የተፈለፈለውን እስኪያድግ ድረስ በክንፍ ሥር ማቆየት ላይ ግን እንደክማለን። ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ዶሮ ናት። የምትኖረውም ገጠር አይደለም፤ እዚሁ መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ነው።

የዱባይ ተራዋ ዶሮ

መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ዱባይ ተራን ያውቃል። ከባሕር ማዶ የመጣው ልብስና ጫማ እስከ ጣራ ተደርድሮ፣ ካርቶን የተሸከመው ሰው «ዞር በሉ!» እያለ እየገፋ፣ ሻጩ እየጠራ፣ ገዢው እየተከራከረ፣ ሰው ከሰው የሚተሻሽበት ቦታ ነው። ከሱቆቹ ግድግዳ ጀርባ ግን የቀበሌ ቤቶች የተጠጋጉበት አንድ ግቢ አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ አንዲት እናት ይኖራሉ። «ታሪኩን ንገር፣ ስሜን ግን ተወው» ስላሉኝ እማማ ብቻ ብዬ እጠራቸዋለሁ።

እማማ ለነጋዴው ቆሎና ሻይ እያቀረቡ ይተዳደራሉ። ከእርሳቸው ጋር የ8 ዓመት የልጅ ልጃቸው ትኖራለች። የልጅቱ እናት ዱባይ ናት፤ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ስትሄድ ልጇ ገና 3 ዓመቷ ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ፤ እናት ዱባይ ተራ፣ ልጅ ዱባይ፣ የልጅ ልጅ ደግሞ በሁለቱ መካከል።

ዶሮዋ ለገና የተገዛች የሐበሻ ዶሮ ነበረች። ሊያርዷት ሲሉ ልጅቱ አልቅሳ አስጣለቻት። ዶሮዋም እንቁላል ጣለች፣ ጣለችና አንድ ቀን ከጎጆዋ አልነሣም አለች። ላባዋን ነፋች፣ እጅ ሲጠጋት መንከስ ጀመረች፣ የደረቷን ላባ በአፏ እየነጨች ጣለች። የገጠር ልጅ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ ወዲያው ያውቃል፤ ልትታቀፍ ነው። (የፈረንጅ ዶሮ የምትባለው ይህ ጠባይ የላትም ማለት ይቻላል፤ እንቁላል ብቻ እንድትጥል ተመርጣ የተራባች ናትና።)

እማማም ደስ ብሏቸው ከሱቅ 11 እንቁላል ገዙ። ከዱባይ ተራ የተጣለ ካርቶን አምጥተው ጭድ ጎዘጎዙና አስታቀፏት። ዶሮዋ ተቀመጠች። 21 ቀን ሞላ፤ የለም። 23 ሆነ፤ የለም። በ25ኛው ቀን አንዱ እንቁላል ፈንድቶ ቤቱን በግማት ሞላው። ዶሮዋ ከስታ፣ ኩክኒዋ ገርጥቶ፣ አሁንም አልነሣም ብላ ተቀምጣለች። ልጅቱም በየጠዋቱ ጆሮዋን ካርቶኑ ላይ ትደግናለች።

ምክንያቱን ኋላ ሰው ነገራቸው። የሱቁ እንቁላል ከእርባታ የመጣ ነው፤ እዚያ ዶሮዎቹ የሚውሉት ያለ አውራ ነው። አውራ ያላገኘው እንቁላል 21 ቀን አይደለም አንድ ዓመት ቢታቀፉት ሕይወት የለውም።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም በል። የዚያ እንቁላል ቅርፊቱ ነጭ ነው፣ ክብደቱ ልክ ነው፣ ሲያዩት ከሌላው አይለይም። ዶሮዋም አላጠፋችም፤ ተርባለች፣ ተጠምታለች፣ ሌሊቱን በሙሉ አሙቃለች። ግን ከውስጡ ሕይወት አልነበረም። ፍቅር የሌለበት ጾምም እንዲሁ ነው። እስከ 9 ሰዓት ቆይተን፣ በሽሮና በምስር ተወስነን፣ በዚያው ቀን የሠራተኛችንን ደመወዝ ከያዝን፣ ከወንድማችን ጋር ተኳርፈን ከዋልን፣ ያቀፍነው አውራ ያላገኘ እንቁላል ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር የሚመርጠው ጾም የተጨቆነውን ነጻ ማውጣት፣ ለተራበውም እንጀራን መቁረስ እንደሆነ አስተምሮናል (ኢሳ. 58፥6-7)። እንቁላሉን ሳይመረምሩ መታቀፍ ድካም ብቻ ነው።

መታቀፍ እንዲህ ነው

በሁለተኛው ዓመት እማማ ብልሃት አወቁ። ከሸዋ ገጠር ዘመድ ሲመጣ አውራ ካለበት ቤት 11 እንቁላል በጤፍ ውስጥ ቀብሮ አመጣላቸው። ጤፉ እንዳይጋጭ ይይዘዋል። የመንገዱ መናወጥ እንዲበርድለት እንቁላሉን አንድ ቀን አሳረፉት። ቅማልና ቅንቅን እንዳያስቸግራት ከጭዱ ሥር አመድ ነሰነሱ። ካርቶኑን ጨለም ባለ ጥግ አስቀመጡ። ከዚያ በዘወረደ እሑድ ማታ፣ ገበያው ጭር ሲል፣ እንቁላሉን ከሥሯ አደረጉላት። በ8ኛው ሌሊት እያንዳንዱን እያነሡ በብርሃን አዩት። ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን የደም ሥር ከታየ ሕይወት አለው፤ ጥርት ብሎ ባዶ ከሆነ ይወጣል፤ አለዚያ ይበላሽና ለሌላው ይተርፋል። 11ዱም ሕይወት ነበራቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራው የዶሮዋ ነው። ምን ትሠራለች ትሉ ይሆናል፤ ተቀምጣለች እንጂ! እንደዚያ አይደለም። በቀን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን እንቁላል በአፏ ታገላብጣለች። ካልተገላበጠ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። የነጨችው የደረቷ ላባ ደግሞ ለከንቱ አልነበረም፤ የገላዋ ሙቀት ያለ መጋረጃ እንቁላሉን እንዲነካው ነው። ዶሮ የምታሞቀው በላባዋ አይደለም፤ ላባዋን ነጭታ በሥጋዋ ነው። ልጅን ማሞቅም እንደዚያ ነው። ከራስ ሳይነጩ አይሆንም።

ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲያስተምር፣ በመጀመሪያ መንፈስ ቅዱስ በውኆች ላይ መስፈፉን ወፍ እንቁላሏን ታቅፋ ሕይወት እስኪያገኝ በምታሞቅበት ምሳሌ አብራርቶታል። ስለዚህ መታቀፍ የዶሮ ጠባይ ብቻ ነው አትበሉ። የፈጣሪ ቸርነት በፍጥረቱ ላይ የተሣለበት ሥዕል ነው።

ዶሮዋን ማስተው የሚፈልግ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? እንቁላል ቶሎ እንድትጥልለት የሚፈልግ ባለቤት ሦስት ዘዴ አለው። አንዳንዱ በእግሯ ዘቅዝቆ ይሰቅላታል። አንዳንዱ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክራታል። አንዳንዱ ለጥቂት ቀን ጎረቤት ይወስዳታል። ከዚያ የእናትነቷ ሙቀት ይበርድና ትተወዋለች። ጾማችንንም የሚያስጥሉን በእነዚሁ ሦስት መንገዶች ነው። ኑሮ ዘቅዝቆ ይሰቅለናል፤ «በዚህ ኑሮ ላይ ደግሞ ጾም!» እንላለን። ሰው ቀዝቃዛ ውኃ ይቸልስብናል፤ «አንተ ደግሞ መቼ መነኮስክ?» ይለናል። ወዳጅ ደግሞ ከጎጇችን አውጥቶ ወደ ሌላ ቤት ይወስደናል፤ ለአንድ ቀን ብለን ሄደን በዚያው እንቀራለን። ምን ይሻላል? ከጎጇችን አለመራቅ። ዶሮዋም በቀን አንድ ጊዜ ለመብላትና ለመጠጣት ትነሣለች፤ ግን ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለች። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጭራሽ አትነሣም። ያን ጊዜ ጫጩቶቹ በቅርፊቱ ውስጥ ሆነው ይጮኻሉ፤ እርሷም ትመልስላቸዋለች። ገና ሳይወለዱ ድምፅዋን ለምደዋል።

መጻጉዕ ደርሶ

በመጻጉዕ እሑድ ከ11ዱ 9 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ልጅቱ ቅርፊቱን ላጋግዝ ብላ ስትዘረጋ እማማ እጇን ያዟት። «ተዪው፣ ራሱ ይውጣ። የረዳሽው መስሎሽ ታደሚዋለሽ።» እውነታቸውን ነው። ጫጩት ቅርፊቱን የሚሰብረው ቀስ ብሎ ነው፤ ኃይሉም የሚጠነክረው በዚያ ትግል ነው። ለሁለት ቀን ያህል ምግብ ባይሰጠው እንኳ አይሞትም፤ የአስኳሉን ስንቅ ወደ ሆዱ አስገብቶ ነው የሚወጣው። እናቲቱም ስለዚህ አትቸኩልም። የቀደሙትን በክንፏ ይዛ የዘገየውን ትጠብቃለች። ንስሓ ለመግባት የዘገየ ወንድም ያለህ ሆይ፤ ቅርፊቱን አትቅደድበት፤ አሙቀው እንጂ።

በዚያ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚነገረው 38 ዓመት ስለ ታመመው ሰው ነው። እርሱ ለጌታ የነገረው ሕመሙን ብቻ አልነበረም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው (ዮሐ. 5፥1-9)። ሰው ማጣት! ከተፈለፈሉ በኋላ ያለ ክንፍ መቅረት ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ ከባዱ ጊዜ። ጫጩት ከተፈለፈለ ወዲያ ጠላቱ ብዙ ነው። ብርድ አለ፣ ዝናብ አለ፣ ድመት አለ፣ አይጥ አለ፤ ሌሊት ሸለምጥማጥ፣ ቀን ጭልፊትና ቁራ አለ። ለውኃ የተቀመጠ ጥልቅ ሳህን እንኳ ያሰጥመዋል። እማማ ዝርግ ሳህን ላይ ጠጠር ደርድረው ነው ውኃ የሚያጠጧቸው። የተፈጨ እህልና የእንጀራ ፍርፋሪ ይሰጣሉ። ማታ ማታ ከነእናታቸው ቅርጫት ይደፉባቸውና በላዩ ድንጋይ ይጭናሉ። ስለ ፈንግልም ሰው መክሯቸው አስከትበዋቸዋል፤ ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል፤ በዓይን የሚጨመር ጠብታ አለው። ጸሎትም አለ፣ ክትባትም አለ። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ያም ሆኖ በሳምንቱ አንዱ ተወሰደ። ፀሐይ ይሙቁ ብለው ወደ ግቢው አውጥተዋቸው ነበር። ጭልፊት በሰማይ ሲዞር ዶሮዋ ድምፅዋን ለወጠች። ያን ድምፅ የሰሙ 8ቱ ሮጠው ከክንፏ በታች ገቡ። አንዱ ግን ከዕቃ ማሸጊያ የወደቀ የሚያብለጨልጭ ላስቲክ እየነከሰ ቀረ። ጠራችው፣ ጠራችው፤ አልሰማም። ጭልፊቱ ወረደ።

ምእመናን፤ ክንፉ ተዘርግቶ ነበር፤ የጎደለው የጫጩቱ መምጣት ነው። ጌታችን በኢየሩሳሌም ላይ ያዘነው በዚህ ነው። ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፎቿ በታች እንደምትሰበስብ ልጆቿን ሊሰበስብ ብዙ ጊዜ ወድዶ ነበር፤ እነርሱ ግን እንቢ አሉ (ማቴ. 23፥37)። የሰማይና የምድር ጌታ ራሱን በአንበሳ ሳይሆን በዶሮ መሰለ። የአንበሳ ጥፍር በሌላት፣ ልጆቿን ለማዳን ከራሷ ሥጋ በቀር የምትጋርድበት በሌላት በዶሮ! በመስቀል ላይ እጆቹን የዘረጋው ለዚሁ ነው።

የእኔ ጥፋት

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። የሱቁ እንቁላል በታቀፈበት በዚያ በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ ጉባኤ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ አስተምሬ ነበር። ከመጽሐፈ ኢዮብ ስለ ሰጎን የተጻፈውን አነሣሁ። እንቁላሏን በምድር ላይ ትታ ስለምትሄድ፣ ምን ይደርስበት ይሆን ብላ ስለማታስብ (ኢዮ. 39፥13-17)። ከዚያም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ዛሬም ልጆቻቸውን ጥለው ዐረብ አገር የሚሄዱ ሰጎኖች አሉ» አልኩ። ሕዝቡ ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ወረድኩ።

እማማ ከነልጅቱ እዚያ ተቀምጠው ነበር።

በዓመቱ፣ ከመጻጉዕ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ጠበል ልረጭ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ልጅቱ ጫጩቶቹን አሳየችኝ። ከዚያ ቀና ብላ እንዲህ አለችኝ፤

«አባ፣ እናቴ ሰጎን ናት?»

እማማ «ተይ አንቺ!» ብለው ተቆጧት። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ በልቧ ይዛ ቆይታለች። ጭልፊት ከሰማይ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከዐውደ ምሕረትም ይመጣል።

ዝም ማለቴን አይተው እማማ ተናገሩ። «አባ፣ ይቺን ዶሮ አይተዋታል? በቀን አንዴ ከጎጆዋ ትነሣለች። ካልበላች በምን ታሞቃቸዋለች? የእኔም ልጅ የተነሣችው ለዚያ ነው። ቆየችብኝ እንጂ ጥላስ አልሄደችም። እስክትመለስ ጎጆውን እኔ አሞቃለሁ።»

ከዚያ ቤት ስወጣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ቀና ብዬ አየሁ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናታችን ጉልላት ላይ ከመስቀሉ ጋር ምን እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ፤ የሰጎን እንቁላል። ሊቃውንቱ ሲያስተምሩ፣ ሰጎን እንቁላሏን ከሩቅ ሆና እንኳ ዓይኗን ሳታነሣ ትመለከተዋለች፣ እግዚአብሔርም ቤቱንና ልጆቹን እንዲሁ ሳይዘነጋ ይጠብቃል ይላሉ። እኔ የኢዮብን ሰጎን ተናግሬ የጉልላቱን ሰጎን ረስቼ ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩና ልጅቱ ፊት ተንበርክኬ፣ «ይቅር በዪኝ። እናትሽ ጉልላት ላይ ያለችው ናት። ዓይኗን ከአንቺ አላነሣችም» አልኳት። ልጅቱም እማማን አየቻቸው፤ ከዚያ «እሺ» አለችኝ።

ስለ ስልኩም ልንገራችሁ። እናቲቱ ቅዳሜ ማታ ማታ ትደውል ነበር። ልጅቱ ግን ድምፁ እንግዳ እየሆነባት ትሸሽ ነበር። እማማ ይህን ከዶሮዋ ተማሩ። «ጫጩት ያልለመደውን ድምፅ አይከተልም፤ እናንተም ተለማመዱ» አሉና ቅዳሜ ቅዳሜ እናትና ልጅ በስልክ አቡነ ዘበሰማያት አብረው እንዲያደርሱ አደረጉ። መጀመሪያ እናቲቱ ብቻዋን ትል ነበር። ኋላ ልጅቱ በጆሮዋ ይዛ ቃል ማስገባት ጀመረች። ዛሬ ስልኩ ሲጮኽ የምትሮጠው እርሷ ናት። እናቲቱ ገና አልመጣችም። መቼ እንደምትመጣም አልታወቀም። ድምፅዋ ግን ጎጆው ውስጥ ገብቷል።

ዱባይ ሳይሄዱ የራቁ

አሁን ለእናንተ፣ እዚህ ላላችሁት ልናገር። ልጁ ሲነቃ ወጥታችሁ፣ ሲተኛ የምትገቡ አባቶች፤ ማታ ቤት ገብታችሁ ዓይናችሁን ከስልክ የማታነሡ እናቶች፤ ያቺ እናት ባሕር ተሻግራ በሳምንት አንድ ጊዜ ከልጇ ጋር ትጸልያለች። እናንተ ከልጆቻችሁ ጋር የጸለያችሁት መቼ ነው? ሰው ዱባይ ሳይሄድ፣ ዱባይ ተራ ሆኖ ከቤቱ ሊርቅ ይችላል።

«የምደክመው ለእነርሱ ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ዶሮም ለመብላት ትነሣለች ብለናል። ግን ትመለሳለች። ያልተመለሰ እንደሆነስ ያቀፍነው ምንድን ነው? ነቢዩ ኤርምያስ በማይገባ መንገድ ሀብት የሚሰበስበውን ሰው ያልወለደችውን በምትታቀፍ ቆቅ መስሎታል፤ ሀብቱ በዘመኑ እኩሌታ ይለየዋልና (ኤር. 17፥11)። በቅን የተሰበሰበውም ቢሆን የሚያልፍ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን እሳት ያየን ሰዎች ነን። የብዙ ሰው የዘመን ድካም በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ይህን የማነሣው በተጎዱት ለመፍረድ አይደለም፤ እንባቸው የእኛም እንባ ነው። በዚያ ሌሊት ግን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዕቃ ነበር ወይስ ስለ ሰው? «ልጄ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ብቻ መምጣት የለበትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ የምንታቀፈውን እንመርምር። በዚህ ጾም ከማን ጋር ተጣልተናል? የማንን ገንዘብ ይዘናል? በ8ኛው ሌሊት እማማ እንቁላሉን በብርሃን እንዳዩት፣ እኛም ወደ ንስሓ አባታችን ሄደን ጾማችንን በብርሃን እናሳየው።

ሁለተኛ፤ በቀን አንድ ጊዜ ወደ ጎጆ እንመለስ። ማታ ከመተኛት በፊት ልጆችን ሰብስቦ አቡነ ዘበሰማያት ማድረስ ሱቅ አያዘጋም፣ ብር አይጠይቅም። ልጆች የሚጠራቸውን ድምፅ ካልለመዱ ጭልፊት ሲመጣ ብንጠራቸው አይሰሙንም። ጭልፊቱ ደግሞ ዛሬ ጫት ሆኖ፣ መጠጥ ሆኖ፣ በስልክም ውስጥ ሆኖ ይመጣል።

ሦስተኛ፤ ከክንፋችን ሥር ለሌላም ቦታ እናብጅ። በእማማ ግቢ በዚያው ሰሞን የጎረቤት ዶሮ ሞታ ሁለት ጫጩቶቿ ቀርተው ነበር። ቀን ቢያስጠጓቸው ዶሮዋ ነክሳ ታባርራቸዋለች። እማማ ግን ሌሊት፣ ጨለማ ሲሆን፣ ቀስ ብለው ከክንፏ ሥር አስገቧቸው። ሲነጋ 10 ሆነው ወጡ፤ አልለየቻቸውም። ዕድሜያቸው ከተቀራረበ ይህ ብልሃት ብዙ ጊዜ ይሠራል። በየጎረቤታችን እናቱ ዐረብ አገር የሄደች፣ አባቱ የሞተ ልጅ አለ። ሰንበት ትምህርት ቤት ከልጃችሁ ጋር ውሰዱት። ደብተሩን አብራችሁ ግዙ። በትንሣኤ ከቤታችሁ ይቍረስ። ይህንም በሌሊት እንደሚደረግ፣ ያለ ወሬ አድርጉት። ሲነጋ የማን ልጅ እንደሆነ አይለይ።

አራተኛ፤ በሩቅ ባሉት እናቶች አንፍረድ። ስለ ወፍ ጎጆ እንኳ ሕግ የሰጠ አምላክ፣ እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አብሮ መውሰድን ከልክሏል (ዘዳ. 22፥6-7)። ለወፍ እናት የራራ ለሰው እናት አይራራምን? እናንተም በሰው አገር ሆናችሁ ይህች ጽሑፍ በሆነ መንገድ የደረሰቻችሁ እኅቶቻችን፤ ድምፃችሁን ከልጆቻችሁ ጆሮ አታርቁ።

አምስተኛ፤ ትንሣኤ ሲደርስ ቅርጫቱን አንጣለው። ብዙዎቻችን 55 ቀን ያቀፍነውን በአንድ ቀን ለጭልፊት እንሰጣለን። በጾም የተወነው ስካር በፋሲካ ሌሊት ይመለሳል። በፋሲካ ጫጩት ላባ ቢያወጣም ገና ጫጩት ነው። መታቀፉ ቢያበቃም መጠበቁ አላበቃም።

ወገኖቼ፤ መዝሙረኛው ዳዊት በልዑል ረድኤት የሚኖር ሰው በክንፎቹ ሥር እንደሚጠለል ያስተምረናል (መዝ. 90፥1-4)። ክንፉ ዛሬም ተዘርግቷል። ደወሉ ሲደወል፣ ቅዳሴው ሲገባ፣ ካህኑ ሲጠራ የምትሰሙት ያ ድምፅ ነው። ሸቀጡ ያብለጨልጫል፤ ጭልፊቱም ይዞራል። እኛም ልጆቻችንን ይዘን፣ የሌላውንም ልጅ አክለን፣ ከክንፉ በታች እንግባ።

የአባቶቻችን አምላክ እግዚአብሔር ጾሙን የበረከት ያድርግልን። በሩቅ ያሉትን እናቶች በሰላም ወደ ልጆቻቸው ይመልስልን። የተበተኑትን ጫጩቶች በክንፉ ይሰብስብልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።